የወሎ መንገድ፦ እህሉ የወጣበት፣ ሕክምናው ያልገባበት

ከአዲስ አበባ ተነስቶ በደብረ ብርሃን በኩል የጣርማ በርን ዋሻ አልፎ ወደ ደብረ ሲና የሚወርደው፣ በከሚሴና በኮምቦልቻ አድርጎ ደሴ የሚወጣው አውራ ጎዳና፣ ከዚያ ወዲያ ሐይቅን፣ ውጫሌን፣ መርሳን፣ ወልዲያን፣ ቆቦን፣ አላማጣንና ኮረምን እየነካ ወደ መቀሌና ወደ አስመራ ይዘልቃል። ጣሊያን በአምስቱ ዓመት የወረራ ዘመን የሠራው ይህ መንገድ፣ ከነጻነት በኋላ በአውራ ጎዳና ባለሥልጣን እየተጠገነ የሰሜኑን አገር ከመናገሻው ከተማ ጋር ሲያገናኝ ኖሯል። በ1965 ዓ.ም. የወሎ ገበሬ ከደጋውም ከቆላውም ቀዬውን ለቆ የተሰለፈው በዚህ መንገድ ዳር ነበር። ረሃብ ያደከማቸው ሰዎች አውቶቡስና የጭነት መኪና እያስቆሙ የሚቀመስ ይለምኑ እንደነበር በጊዜው ያዩት መስክረዋል። በዚያው ወራት፣ በዚያው መንገድ ላይ፣ ከወሎ የተጫነ እህል ወደ አዲስ አበባና ወደ አስመራ ይጓዝ ነበር። ሁለቱ ነገሮች በአንድ መንገድ ላይ ጎን ለጎን መታየታቸው የሚያስቆጭ ብቻ ሆኖ መቅረት የለበትም፤ ምክንያቱ ሊጠየቅ ይገባል። አንድ አካባቢ ሲደኸይ ሞቱ ለምን እዚያው ተከማችቶ እንደሚቀር ከዚህ በላይ የሚያሳይ ምሳሌ በታሪካችን ማግኘት ያስቸግራልና።

የምጣኔ ሀብት መውደቅ ሲነሳ ቶሎ የሚታሰበን የአገር ጠቅላላ ገቢ፣ የውጭ ምንዛሬና የኑሮ ውድነት ነው። የጤና ነገር የሚነሳው መጨረሻ ላይ ነው፤ ሲነሳም በአገር አማካይ ተሰልቶ ነው። አማካይ ግን ታምሞ አያውቅም። የሚታመመው ሰው የሚኖርበት ወረዳ፣ የሚሸምትበት ገበያ፣ ለመድረስ የቀናት እግር ጉዞ የሚጠይቅ ጤና ጣቢያ አለው። የወሎን ታሪክ መርምሮ የሚያነብ ሰው የሚደርስበት መደምደሚያ ይህ ነው ብዬ አምናለሁ፦ ክፉ ዘመን በክፍለ ሀገርና በክፍለ ሀገር መካከል ያለውን የጤና ልዩነት ከባዶ አይፈጥርም። በደጉ ዘመን የተቆፈረውን ጉድጓድ ያገኘዋል፤ ያንኑ አስፍቶ መቃብር ያደርገዋል። ስለዚህ የ1965ቱ እልቂት ተጠያቂ የሚፈለገው ዝናብ በቀረበት ዓመት ብቻ ሳይሆን፣ ዝናቡ በሚዘንብበት፣ አገሪቱም አድጋለች በሚባልበት ዘመን ጭምር ነው።

ነገሩን ለመመዘን ወደ ክፉ ቀን መመለስ ይጠቅማል። ከ1880 እስከ 1884 ዓ.ም. በዘለቀው በዚያ ዘመን፣ በምጽዋ በኩል በገባ የከብት በሽታ በሬው አለቀ፤ ድርቅ፣ አንበጣና ተምች ተከተሉ፤ ሕዝቡም በረሃብና በወረርሽኝ ረገፈ። ሰሜኑ ይበልጥ ቢጎዳም መከራው ከሞላ ጎደል አገር አቀፍ ነበር። ቤተ መንግሥቱም ቢሆን አላመለጠም፤ ምኒልክ በሬ ያጣውን ሕዝብ ለማደፋፈር ራሳቸው ዶማ ይዘው መሬት እንደቆፈሩ በታሪክ ተጽፏል። ያኔ ከአንዱ አገር እህል ጭኖ ወደ ሌላው በአንድ ቀን የሚያደርስ መኪና አልነበረም፤ ሀብታም ከተማ ከሩቅ ገጠር እህል የሚስብበት ገበያም እንዲህ አልተደራጀም። ከ80 ዓመት በኋላ ግን ኢትዮጵያ መንገድ፣ ባንክ፣ የጭነት መኪናና ሆስፒታል ነበራት። በ1964 ክረምት አዲስ አበባ የንጉሠ ነገሥቱን የ80ኛ ዓመት ልደት ስታከብር፣ በዚያው ክረምት የወሎ ዝናብ እየከዳ ነበር። ዋና ከተማው አልተራበም። የክፉ ቀን ረሃብ ብዙውን አገር ያዳረሰ ሲሆን፣ የ1965ቱ አገር መርጦ ገደለ። ለውጡን ያመጣው ዘመናዊነት ራሱ ነው ማለቴ አይደለም። ዘመናዊነቱ አገሪቱን በእህል ንግድ ሲያስተሳስር በሕክምናና በእርዳታ ሳያስተሳስራት መቅረቱ ነው።

የሆነውን በቅደም ተከተል እንየው። የ1964 ክረምት ዝናብ በሰሜን ምሥራቁ አገር ሳሳ፤ በ1965 መጀመሪያ የታጨደው መኸር ከወትሮው አነሰ፤ የ1965 በልግ ደግሞ ጭራሽ ቀረ። ከዚያ በኋላ ያሉት ወራት፣ እስከ ቀጣዩ አዝመራ ድረስ፣ የሞት ወራት ሆኑ። የሞቱት ሰዎች ቁጥር በትክክል አልተቆጠረም፤ ግምቶቹ ከ50,000 እስከ 200,000 ይደርሳሉ። ያኔ የአገሪቱ ሕዝብ 27 ሚሊዮን ያህል ነበር። ይህን እልቂት በጥልቀት ካጠኑት አንዱ ሕንዳዊው የምጣኔ ሀብት ሊቅ አማርትያ ሴን ናቸው። በ1981 እ.ኤ.አ. ባሳተሙት ስለ ድህነትና ስለ ረሃብ በሚያወሳ መጽሐፋቸው አንድ አስደናቂ አሃዝ አቀረቡ፦ በዚያ ዓመት የኢትዮጵያ ጠቅላላ የምግብ ምርት ከወትሮው የቀነሰው 7 በመቶ ገደማ ብቻ ነበር። ሰባት በመቶ ለሁሉም ቢከፋፈል እያንዳንዱን ቤት ከጥቂት እንጀራ የበለጠ ባላሳጣ ነበር። ነገር ግን አልተከፋፈለም። ጉድለቱ ተጠራቅሞ ወሎና ትግራይ ላይ ወደቀ።

ከሁሉ ይልቅ የሚያስተምረው የደሴ ገበያ ነው። ረሃብ ሲገባ እህል ይወደዳል ብሎ የሚጠብቅ ሰው በዚያ ዓመት ደሴ ላይ የሚያየው ነገር ግራ ያጋባዋል፤ የእህሉ ዋጋ ከድርቁ በፊት ከነበረው ብዙም አልራቀም። ምክንያቱ ቀላልና ዘግናኝ ነው። ዋጋ የሚያንረው ገንዘብ ይዞ የሚመጣ ሸማች ነው፤ የወሎ ገበሬ ደግሞ ምርቱ ሲጠፋ ምግቡም ገቢውም በአንድ ቀን አብረው ጠፉበት። የሚበላው የለውም፤ የሚሸምትበትም የለውም። ስለዚህ ነጋዴውን ከሌላ አገር እህል ጭኖ ወደ ወሎ እንዲመጣ የሚስበው ነገር አልነበረም። ይልቁንም በወሎ የነበረውን ጥቂት እህል ገንዘብ ወዳለበት ወደ አዲስ አበባና ወደ አስመራ መጫን አዋጣው። ነጋዴው ክፉ ስለሆነ አይደለም፤ ነጋዴ ሁልጊዜ ገንዘብ ወዳለበት ይሄዳል። በደጉ ዓመት ለወሎ በረከት የነበረው መንገድ በክፉው ዓመት መውጫ ብቻ ሆነ።

ይህንኑ ነገር ከቅርብ ለማየት ሰኞ ሰኞ የሚቆመውን የባቲን ገበያ ማሰብ ይበቃል። አፋሩ ግመልና ፍየል እየነዳ ከቆላ ይወጣል፤ ደገኛው እህል ጭኖ ይወርዳል፤ መካከል ላይ ይገናኛሉ። ከብት አርቢ ስለሆነ አፋሩ ወተትና ሥጋ ብቻ እየበላ የሚኖር የሚመስለው ብዙ ነው። በእውነቱ ግን የሚበላው እህል በአብዛኛው ከገበያ የሚሸመት ነው፤ በደህና ዘመን አንዲት ፍየል ተሸጣ የምታስገኘው ማሽላ፣ ፍየሏ ታርዳ ከምትሰጠው ሥጋ ይልቅ ቤተሰቡን ብዙ ቀን ያሳድራል። የአርብቶ አደሩ ሕይወት የቆመው በዚህች ምንዛሬ ላይ ነው። ድርቅ ሲመጣ ከብቱ ያልቃል፤ የተረፈው ይከሳል፤ ሁሉም በአንድ ጊዜ ሊሸጥ ይወጣል፤ ዋጋው ይወድቃል። አፋሩ የቀረችውን ፍየል ይዞ ባቲ ሲደርስ የምታስገኝለት ማሽላ ከአምናው እጅግ ያነሰ ሆኖ ያገኘዋል። ፍየል በሞት ያጣል፤ ከሞት የተረፈችውንም በገበያ ያጣል። በ1966 በሐረርጌ የኢሳና የኦጋዴን ሶማሌ አርብቶ አደሮችን የጨረሰውም ይኸው እጥፍ ጉዳት ነው። በዚህ ላይ አፋሩ ከድርቁ በፊት የደረሰበት ሌላ ነገር አለ። በ1950ዎቹ በአዋሽ ሸለቆ የጥጥና የሸንኮራ አገዳ እርሻዎች ሲስፋፉ፣ ተንዳሆን የመሳሰሉ ትልልቅ እርሻዎች የያዙት የወንዝ ዳር መሬት አፋሩ በበጋ ከብቱን የሚያሰማራበት ነበር። ያ ጥጥ በአገሪቱ መዝገብ ላይ ዕድገት ተብሎ ተጻፈ። ዕድገት መሆኑም እውነት ነው። በአፋሩ ቤት ግን ድርቅ ሲመጣ የሚሸሽበት ቦታ ማጣት ነበር። ጉድጓዱ በደጉ ዘመን ተቆፈረ ያልኩት እንዲህ ያለውን ነው።

በደጋው ደግሞ ድህነቱ ወደ ታች የወረደበትን ቅደም ተከተል ማየት ይቻላል። በመጀመሪያ መንገድ ላይ የታዩት ገበሬዎቹ ራሳቸው አልነበሩም። ገበሬው ችግር ሲጠናበት ያሰናበታቸው የቤት አገልጋዮችና ጥገኞች፣ የቀን ሠራተኞች፣ ጋቢ የሚያሠራቸው ያጡ ሸማኔዎች፣ ልማደኛ ለማኞችም ነበሩ። ከእነሱ ቀጥሎ ጭሰኛው መጣ፤ ምርት ቢኖርም ባይኖርም የመሬቱ ባለቤት ድርሻ፣ እኩልም ይሁን ሲሶ፣ ይጠበቅበት ነበርና። በመጨረሻ የራሱ ቁራሽ መሬት ያለው ገበሬ ተከተለ። እሱ እስከ መጨረሻው የያዘው በሬውን ነው። ጌጡን ሸጠ፣ በጉንና አህያውን ሸጠ፤ በሬውን ግን ነገ የሚያርስበት ስለሆነ አቆየው። በሬውን በሸጠበት ቀን የሸጠው የዘንድሮውን ምግብ ብቻ አልነበረም፤ የከርሞውንም ነው። አንድ በሬ የቀረው ሰው መቀናጆ ይፈልጋል፤ ጎረቤቱም የሸጠ ከሆነ መቀናጆ የለም። «አንድ ሰው አስቦ፣ አንድ በሬ ስቦ» የሚለው ተረት የደረሰበትን ሰው ያህል የሚገባው የለም። ድርቁ በቀጣዩ ዓመት ቢያበቃም ገበሬው ዝናቡን የሚቀበልበት ነገር በእጁ አልነበረም። የምጣኔ ሀብት ውድቀት ከተፈጥሮ አደጋ የሚከፋው በዚህ ነው፤ መንስኤው ካለፈ በኋላም ዕዳው ይቀራል።

ከዚያ በኋላ በሽታው መጣ። በረሃብ ሞተ የሚባለው ሰው አብዛኛውን ጊዜ የሚሞተው በተስቦ፣ በተቅማጥ፣ በኩፍኝ፣ በግርሻና በሳንባ ምች ነው። ጠኔ ያደከመው ሰውነት ሌላ ጊዜ የሚቋቋመውን ሕመም አይቋቋምም፤ ቀዬውን ጥሎ በመንገድ ዳር መጠለያ ሲታጨቅ ደግሞ ቅማሉም ቆሻሻ ውኃውም ያገኘዋል። በዚህ ሰዓት ነው የአገሪቱ የጤና ካርታ ምን እንደሚመስል የተገለጠው። የሕዝብ ጤና ጥበቃ ሚኒስቴር የተቋቋመው በ1940 ዓ.ም. ነው። በ1940ዎቹ የተከፈተው የጎንደር የሕዝብ ጤና ኮሌጅ ጤና መኮንኖችን፣ የኅብረተሰብ ነርሶችንና ሳኒታሪያኖችን አሠልጥኖ ወደ ክፍለ ሀገር መላኩ በዘመኑ እጅግ አርቆ አሳቢ ሥራ ነበር፤ ሐሳቡም ለ50,000 ሰው አንድ ጤና ጣቢያ ማድረስ ነበር። ነገር ግን ገንዘቡና ሐኪሙ ሐሳቡን አልተከተሉም። ጥቂቶቹ የአገሪቱ ሐኪሞች በብዛት የተሰበሰቡት በአዲስ አበባና በአስመራ ነበር። ገበሬው ግን በ1950ዎቹ መጀመሪያ በወጣው ድንጋጌ መሠረት ከመሬት ግብርና ከትምህርት ግብር ጋር የጤና ግብር ይከፍል ነበር። ከላስታና ከዋግ የተሰበሰበ ግብር እንደ እህሉ ሁሉ መንገዱን ይዞ ወረደ፤ ሐኪሙ ግን መንገዱን ይዞ አልወጣም። ስለዚህ ገቢው በወደቀበት በዚያ ዓመት የወሎ ሰው በሁለት ነገር ተጋለጠ፦ ከሌላው አገር ይልቅ ብዙ ታመመ፤ ሲታመምም ከሌላው አገር ያነሰ ሐኪም ነበረው። በአዲስ አበባ የሚኖር ድሃ ኑሮ ቢወደድበትም ሁለተኛው አደጋ እንደ ወሎው አልደረሰበትም።

ወሬውም እንዲሁ በመንገዱ ላይ ቀስ ብሎ ነበር የሚሄደው። ፕሮፌሰር መስፍን ወልደ ማርያም ስለ ገጠር ኢትዮጵያ የረሃብ ተጋላጭነት በጻፉት መጽሐፍ፣ በ1958 በወሎ የደረሰው ረሃብ ከአካባቢው ተዘግቦ ንጉሠ ነገሥቱ ዘንድ እስኪደርስ ወራት እንደፈጀ አሳይተዋል። በ1965ም ነገሩ ተደገመ። በሚያዝያ ወር የዩኒቨርሲቲ መምህራን ወሎ ሄደው ያነሷቸው ፎቶግራፎች በዩኒቨርሲቲው ግቢ ለእይታ ሲቀርቡ ነው ብዙው የአዲስ አበባ ሰው እውነቱን ያየው። የውጭው ዓለም ያየው ደግሞ በጥቅምት 1966 እንግሊዛዊው ጋዜጠኛ ጆናታን ዲምብልቢ ያዘጋጀው ፊልም ሲታይ ነው። ያ ፊልም ከቤተ መንግሥት ግብዣ ምስሎች ጋር ተቀናብሮ በኢትዮጵያ ቴሌቪዥን የታየው በ1967 የዘመን መለወጫ ዕለት ሲሆን፣ በማግስቱ ንጉሠ ነገሥቱ ከሥልጣን ወረዱ። ከዚህ ውስጥ ለጉዳያችን የሚጠቅመው አንድ ነገር ልብ ይሏል። መንግሥትን ያናወጠው ከየካቲት 1966 ጀምሮ የተነሳው የከተማ ሰው፣ ቤንዚን ተወደደብኝ ያለው ባለ ታክሲ፣ ደመወዝ አነሰኝ ያለው መምህርና ወታደር ነበር። የእነሱ ጥያቄ ትክክለኛ ነበር። ግን የከተማው ኑሮ መወደድ በቀናት ውስጥ ተሰማ፤ የወሎ ሞት አንድ ዓመት ፈጀበት። ሩቅ ያለ አካባቢ በክፉ ቀን ከሚያጣቸው ነገሮች አንዱ ድምፅ ነው፤ ድምፅ ከሌለ መድኃኒትም አይላክም።

እስካሁን ባቀረብኩት ላይ ሊነሱ የሚችሉ ብርቱ መቃወሚያዎች አሉ። የመጀመሪያው፦ ነገሩን ለምን ወደ ገበያ ታዞረዋለህ፣ ዝናብ ስለቀረና ምርት ስለጠፋ ነው ሰው የሞተው የሚል ነው። ይህ መቃወሚያ ተራ አይደለም። ስቴፈን ዴቬሮን የመሰሉ ተመራማሪዎች ሴንን ሲሞግቱ፣ በወሎ ውስጥ የነበረው የምርት ውድመት ከባድ መሆኑን፣ መንገዱም ከአውራ ጎዳናው ወጣ ብሎ የማይዘልቅ በመሆኑ የተራበው ወረዳ ከገበያ ተቆርጦ እንደነበር አስረድተዋል። በዚያ ዘመን የነበረው የምርት አሃዝም ሙሉ በሙሉ የሚታመን አልነበረም። ይህን ሁሉ እቀበላለሁ። የወሎ ማሳ ባዶ መሆኑን የሚክድ የለም። ሆኖም መቃወሚያው የሚነካው የሴንን ትንታኔ ነው እንጂ የዚህን ጽሑፍ ነጥብ አይደለም። አንድ አካባቢ ምርቱ ሲጠፋ ከሌላው አገር እህል እንዳይገባለት ያደረገው ገንዘብ ማጣትም ይሁን መንገድ ማጣት፣ ሁለቱም ከድርቁ በፊት የነበሩ የልዩነት ዓይነቶች ናቸው። ዝናብ መዝነቡን ሰው አይወስነውም፤ መንገድ የት እንደሚደርስ፣ ግብር ከማን እንደሚሰበሰብ፣ ሐኪም የት እንደሚመደብ ግን ሰው ይወስናል።

ሁለተኛው መቃወሚያ ከሌላ አቅጣጫ ይመጣል። የአሜሪካንን አሃዞች ያጠኑ የምጣኔ ሀብት ባለሙያዎች፣ ሥራ በሚጠፋበት ዓመት ጠቅላላው ሞት ከፍ ከማለት ይልቅ ዝቅ ሊል እንደሚችል አሳይተዋል፤ መኪና የሚነዳው ሰው ያንሳል፣ የመንገድ አደጋም ይቀንሳል። ታዲያ የኢኮኖሚ ድቀት ጤናን ይጎዳል ማለት የድሃ አገር ታሪክ ብቻ አይሆንም ወይ? አይሆንም፤ ምክንያቱም እዚያም የሚያታልለው አማካዩ ነው። በእንግሊዝ አገር በ1930ዎቹ እ.ኤ.አ. የዓለም ንግድ ሲወድቅ፣ መርከብ ሠሪው፣ ከሰል ቆፋሪውና ብረት አቅላጩ ሰሜን ሥራ ፈታ፤ ለንደንና ደቡቡ ግን በአዳዲስ ኢንዱስትሪዎች ቶሎ አገገሙ። በሰሜን ምሥራቅ በምትገኘው በስቶክተን ከተማ የጤና ሹም የነበሩት ዶክተር ማጎኒግል አንድ ነገር አስተዋሉ። ከቆሻሻ ሰፈር ተነስተው ንጹሕና አዲስ ቤት የተሰጣቸው ድሆች፣ በአሮጌው ሰፈር ከቀሩት ይልቅ ብዙ ይሞቱ ነበር። ምክንያቱን ሲመረምሩ ያገኙት የቤት ኪራይ ነው፤ አዲሱ ቤት ኪራዩ ከፍ ስለሚል ሥራ ያጣው አባወራ ከምግቡ ቀንሶ ይከፍል ነበር። የወሎው ጭሰኛና የስቶክተኑ ሥራ ፈት በቋንቋም በሀብትም የማይገናኙ ሰዎች ናቸው። የሁለቱም ሞት ግን የመጣው በአንድ በር ነው፦ ገቢ ሲጠፋ ሊቀነስ የማይችል ክፍያ የምግቡን ገንዘብ ይወስዳል፤ ገቢው የሚጠፋውም በአንድ ሰው ላይ ሳይሆን በአንድ አካባቢ ሙሉ ላይ ስለሆነ ጎረቤት ለጎረቤት አይደርስም። እድርና ወንፈል አንድ ቤት ሲቸገር ይታደጋሉ፤ መንደሩ ሁሉ ሲቸገር ግን የሚሰጠው ማን ነው?

ሦስተኛው መቃወሚያ ጥፋቱ የባላባታዊው ሥርዓት ነበር፣ ሥርዓቱ ሲለወጥ ነገሩ አብቅቷል የሚል ነው። በእርግጥ በየካቲት 1967 የታወጀው የመሬት አዋጅ ጭሰኛውን ከእኩልና ከሲሶ አላቀቀው፤ ይህ ታላቅ ነገር ነው። እርዳታን የሚያስተባብር ኮሚሽንም ተቋቋመ። ከአሥር ዓመት በኋላ ግን፣ በ1977፣ ኮረም፣ ባቲና ቆቦ ላይ የታየው ሰልፍ ከ1965ቱ የባሰ ሆነ፤ የሟቾቹ ግምት ከ400,000 እስከ አንድ ሚሊዮን ይደርሳል። ጦርነቱ ዋነኛ ምክንያት ነበር። ከእሱ ጎን ግን ዘወትር የማይነሳ ሌላ ነገር አለ። የእርሻ ሰብል ገበያ ድርጅት ከገበሬው በኮታና በተተመነ ዋጋ የሚገዛው እህል ቀዳሚ መድረሻው ጦር ሠራዊቱና የከተማ ቀበሌ ሱቅ ነበር፤ ነጋዴው ከጎጃም ወደ ወሎ እህል እንዳያሻግር ደግሞ ኬላው ይይዘው ነበር። በ1965 ገበያው እህሉን ከወሎ ሳበ፤ በ1977 ኬላው እህሉ ወደ ወሎ እንዳይገባ አገደ። አንዱ የነጻ ንግድ፣ ሌላው የዕዝ ኢኮኖሚ ነው። ሁለቱን አንድ የሚያደርጋቸው፣ ክፉ ቀን ሲመጣ መጀመሪያ የሚጠበቀው መሐል አገሩና ከተማው መሆኑ ነው። ርዕዮተ ዓለም ሲቀየር ይህ ቅደም ተከተል አልተቀየረም።

ታዲያ ነገሩ የማይቀር ዕጣ ነው? ታሪኩ ራሱ አይደለም ይላል። በ1995 የጤና ኤክስቴንሽን ፕሮግራም ሲጀመር በየቀበሌው ሁለት ሁለት ሴት ሠራተኞች ተመደቡ፤ ቁጥራቸውም ከ30,000 አለፈ። በ1997 የሴፍቲኔት ፕሮግራም ሲጀመር ደግሞ ሚሊዮኖች የገጠር ሰዎች በየዓመቱ ገና ችግሩ ሳይጠና ገንዘብ ወይም እህል ማግኘት ጀመሩ፤ ትርጉሙ በሬን ሳይሸጡ ክረምትን መሻገር ነው። በ2008 በኤልኒኞ ምክንያት የመጣው ድርቅ በብዙ ቦታ ከ1965ቱ የሚቀል አልነበረም፤ አስቸኳይ እርዳታ የሚያስፈልጋቸው ሰዎች ቁጥር 10.2 ሚሊዮን ደርሶ ነበር። ሕፃናት ተጎድተዋል፣ አተትም ተነስቶ ነበር። እንደ 1965ና እንደ 1977 ያለ እልቂት ግን አልደረሰም። ድርቅ ብቻውን ገዳይ ቢሆን ኖሮ ይህ ባልሆነ ነበር። ሐኪሙ ወደ ቀበሌው፣ ገንዘቡም ወደ ገበሬው ቤት አስቀድሞ በገባበት ቦታ የዝናብ መቅረት የሞት አዋጅ አልሆነም።

ጉድጓዱ ግን አልተደፈነም። በ2008 የተካሄደው የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት እንዳሳየው፣ በአዲስ አበባ ከሚወለዱ 1,000 ሕፃናት አምስት ዓመት ሳይሞላቸው የሚሞቱት 39 ሲሆኑ፣ በአፋር 125 ናቸው። መሠረታዊ ክትባቶችን ሁሉ ያገኙት ሕፃናት በአዲስ አበባ ከመቶ 89፣ በአፋር ከመቶ 15 ነበሩ። አፋር ማለት በ1965 ከሁሉ ቀድሞ የተመታው ሕዝብ፣ በባቲ ገበያ ፍየሉ የረከሰችበት፣ በአዋሽ ዳር መሬቱን ያጣው ሕዝብ ነው። ያ አሃዝ የተሰበሰበው ከሰሜኑ ጦርነት በፊት ነው፤ በሐምሌ 2016 ደግሞ የብር ምንዛሬ ለገበያ ሲለቀቅ 57 ብር ገደማ የነበረው አንድ ዶላር ወር ሳይሞላ 100 ብር አልፏል። መድኃኒትና የሕክምና ዕቃ በብዛት ከውጭ ለምትገዛ አገር ይህ ቀላል ነገር አይደለም። ማሻሻያው ያስፈልግ ነበር አያስፈልግም ነበር የሚለው ክርክር ለብቻው ይካሄድ። የወሎ ታሪክ የሚጠይቀን ሌላ ጥያቄ ነው፦ ወጪው የሚከፈለው በየትኛው ወረዳ ነው?

ስለዚህ የአገርን በጀት ለሚያዘጋጁ፣ የኢኮኖሚ ዕቅድን ለሚነድፉና እነሱን ለሚጠይቁ ጋዜጠኞች የሚቀርበው ልመና አጭር ነው። ማንኛውም የኢኮኖሚ ውሳኔ ሲመዘን ከአገር አማካይ ጋር የየአካባቢው አሃዝ ጎን ለጎን ይቀመጥ፤ የሕፃናት ሞትና የክትባት ሽፋን በየዞኑ በየዓመቱ ይፋ ይደረግ፤ ክፉ ዘመን ሲመጣ የሚቆረጠው ወጪ ከሩቁ ጤና ኬላ አይጀምር። የገበያ ዋጋ አለመጨመሩም እንደ ደኅንነት ምልክት አይቆጠር። በ1965 ዓ.ም. በወሎ ሰው በሚያልቅበት ጊዜ የደሴ ገበያ ዋጋ ረግቶ ነበር።